ስሌቱ አንድ ቦታ ይኑር፦ የዳታቤዝ ቪው በጃንጎ

የአንድ ትምህርት ቤት የክፍያ ሶፍትዌር እንውሰድ። ተማሪዎች በአንድ ሠንጠረዥ፣ የክፍያ መጠየቂያዎች በሌላ፣ ደረሰኞች በሦስተኛ ተመዝግበዋል። «ማን ስንት ቀሪ ዕዳ አለበት?» የሚለውን ገንዘብ ያዧም፣ ወላጅም፣ ርእሰ መምህሩም ይጠይቃሉ። ስሌቱ በየገጹ ለየብቻ ከተጻፈ አንዱ ሲታረም ሌላው ይረሳል፤ ለአንድ ልጅም ሁለት ዓይነት ዕዳ ይወጣል።

ቪው ይህን ያስቀራል። ስም ወጥቶለት ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ የኤስኪውኤል ጥያቄ ነው። የራሱ መረጃ የለውም፤ በተጠራ ቁጥር ከዋናዎቹ ሠንጠረዦች አስልቶ ይመልሳል።

ስሌቱ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። አንዲት ተማሪ 2 መጠየቂያና 3 ደረሰኝ ካላት፣ ሠንጠረዦቹን በቀጥታ ማጣመር 6 ረድፍ ያወጣል፤ የተጠየቀችው ሦስት እጥፍ፣ የከፈለችው ሁለት እጥፍ ሆኖ ይደመራል። ስለዚህ መጠየቂያዎቹንና ደረሰኞቹን አስቀድሞ በተማሪ ለየብቻ መደመር፣ ከዚያ ድምሮቹን ማጣመር ይገባል። ምንም ያልከፈለ ልጅ ከዝርዝሩ እንዳይወጣም ማጣመሪያው ሌፍት ጆይን ይሁን። እንዲህ ያለውን ወጥመድ ያለፈ ጥያቄ በየገጹ ደጋግሞ መጻፍ ስሕተትን መጋበዝ ነው።

በጃንጎ ቪው የሚፈጠረው በማይግሬሽን ነው፤ «ራን ኤስኪውኤል» ውስጥ መፍጠሪያውም ማጥፊያውም ትእዛዝ ይጻፋል። ቀጥሎ ሞዴል ይዘጋጃል፦ «ዲቢ ቴብል» የቪውን ስም ይይዛል፣ «ማኔጅድ» ደግሞ «ፎልስ» ይሆናል፤ ጃንጎም ሠንጠረዥ ልፍጠር አይልም። ሞዴሉ ዋና ቁልፍ ስለሚፈልግ የተማሪው መለያ ቁጥር ይመደብለታል። ከተማሪ ጋር ሲያያዝ «ኦን ዲሊት» «ዱ ናቲንግ» ይባል፤ «ካስኬድ» ከተባለ ተማሪ ሲሰረዝ ጃንጎ ከቪው ላይም ሊሰርዝ ይሞክርና ዳታቤዙ እንቢ ይለዋል።

መረጃው ሲበዛ በየጊዜው ማስላቱ ይከብዳል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ በስሪት 9.3፣ ውጤቱን አስቀምጦ የሚያቆይ ማቴሪያላይዝድ ቪው አለው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን እስኪታደስ ድረስ የቆየውን ያሳያል። ለወር መጨረሻ ሪፖርት ይበቃል። አሁን የከፈለ ወላጅ ፊቷ ለቆመ ገንዘብ ያዥ ግን ተራው ቪው ይሻላል።

ቪው የተመሠረተበትን ዓምድ ዓይነት መለወጥ ቢያስፈልግ ፖስትግሬስ አይፈቅድም፤ ቪውን አጥፍቶ፣ ዓምዱን ለውጦ፣ እንደገና መፍጠር ግድ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ብቻ የሚጠቀምበትን ስሌት ለጃንጎ ኦአርኤም እንተወው፤ ብዙዎች የሚጋሩትንና ገንዘብ የሚነካውን ግን ቪው ውስጥ እናኑረው።