እቴጌይቱና የገበሬው ብድር

በፎገራ ሜዳ የሩዝ አዝመራ ሲሰበሰብ በወረታ ከተማ የሚገኙ የሩዝ መፈልፈያዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ገበያው በምርት የሚሞላውም፣ ዋጋው የሚወርደውም በዚሁ ወቅት ነው። የማዳበሪያ ዕዳና የቤት ወጪ ያለበት አርሶ አደር ሩዙን ጎተራ አስገብቶ የተሻለ ዋጋ የመጠበቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። ችግሩ የምርት ማነስ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ጊዜ ገንዘብ አለማግኘት ነው።

ይህን ችግር በአገር በቀል ተቋም ለመፍታት ከመቶ ዓመት በፊት ከተነሡት መካከል ንግድንና ፖለቲካን አንድ ላይ የያዙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይገኙበታል። እቴጌይቱ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደሉም፤ የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጌምድርን ገዝተዋል።

እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም ከአፄ ምኒልክ ጋር ተጋቡ። በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ የያዙት ጽኑ አቋምና በ1888 ዓ.ም በዓድዋ ዘመቻ የነበራቸው ድርሻ በብዙዎች ዘንድ ይታወቃል። የንግድ ሥራቸው ግን ያን ያህል አይወሳም። በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፈቱ። ሕዝቡ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንዲለምድ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በልተው ከፍለዋል እየተባለ ይነገራል።

በየካቲት 1898 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረና በውጭ ሰዎች የሚመራ ነበር። በ1901 ዓ.ም ደግሞ በእቴጌይቱ ግፊት እርሻንና ንግድን የሚያስፋፋ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የልደት ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚህ ማኅበር ነው።

የእቴጌይቱ ሥልጣን ግን አልዘለቀም። አፄ ምኒልክ ሲታመሙ ሹመቱንና ሽረቱን በእጃቸው ቢያስገቡም፣ መኳንንቱ ተባብረው በመጋቢት 1902 ዓ.ም ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። በየካቲት 1910 ዓ.ም በእንጦጦ አረፉ። ሹመት አላፊ ነው፤ የእርሻ ብድር ሐሳብ ግን ከእርሳቸው በኋላም ቀጥሏል።

ዛሬ ፎገራ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተዋወቀው ሩዝ መገለጫዋ ሆኗል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ሩዝ ያበቅላል፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራበታል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ይገኛል።

በብድር በኩልም መንገዶች ተከፍተዋል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ሆኗል። ክልሉ በ2009 ዓ.ም ያሻሻለው የገጠር መሬት አዋጅም በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ይሁንና ብድሩ የሚመዘነው ገበሬው እጅ በሚደርስበት ጊዜ ነው። ሩዙ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ የወረደውን ዋጋ አይመልስም። በመኸር ወቅት የሚደርስ ብድርና አስተማማኝ መጋዘን ግን አርሶ አደሩ የሚሸጥበትን ቀን ራሱ እንዲመርጥ ያስችለዋል።