የአገር ጠባይ የሚባል ነገር አለ?

«ጀርመን ሰዓት አክባሪ ነው፤ ጣሊያን ጨዋታ ይወዳል፤ የእኛን ሰው ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃዋል።» እንዲህ ሲባል ቤትም ትምህርት ቤትም ሳትሰሙ አትቀሩም። ለመሆኑ የአንድ አገር ሰው ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሰውን ጠባይ ብዙ ጊዜ በ5 ይከፍሉታል፦ አዲስ ነገር መውደድ፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት፣ ደግነት እና ቶሎ መጨነቅ። 5ቱም በሁላችንም ውስጥ አሉ፤ የምንለያየው በመጠን ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ በ49 ባህሎች ውስጥ ያሉ ሰዎችን «የአገራችሁ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱንም ሰዎቹ በእርግጥ ካላቸው ጠባይ ጋር አስተያዩት። ሁለቱ አልገጠሙም! ለምሳሌ አሜሪካውያን «የእኛ ሰው ደፋር ነው» ሲሉ፣ ካናዳውያን «የእኛ ሰው ለስላሳ ነው» አሉ። ጠባያቸው ሲለካ ግን በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

መለካቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ የ56 አገሮች ጥናት፣ ጃፓኖች በጥንቁቅነት ለራሳቸው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡ። ባቡራቸው በደቂቃ የሚታወቀው ጃፓኖች! ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ራሱን የሚለካው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ሁሉም በሰዓቱ በሚደርስበት አገር፣ 5 ደቂቃ ያረፈደ ሰው «እኔ ሰነፍ ነኝ» ይላል። ሌላ ቦታ ቢሆን ያው ሰው «ቀድመህ መጣህ» ይባል ነበር።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ውሎዬ ከቁጥር ጋር ነው። አማካይ ቁጥር ስለ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ፊት ለፊታችሁ ስለቆመው አንድ ሰው ግን ብዙ አይነግራችሁም።

ይህ ለእናንተም ይጠቅማል። በእኛ ባህል ልጅ ታላቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ሰበር ያደርጋል። በውጭ አገር ያለ መምህር ይህን አይቶ «ይህ ልጅ ዓይን አፋር ነው፤ በራሱ አይተማመንም» ሊል ይችላል። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን አፉ የማይዘጋ ተጫዋች ሊሆን ይችላል። አንገት መስበሩ ከቤት የተማረው አክብሮት ነው፤ ጠባዩ ሌላ ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ ልጁን ለክርክር ወይም ለቲያትር ሳይመርጠው ይቀራል። ስለዚህ ወላጆችም ልጆችም ይህን ለመምህሩ ማስረዳት ይገባል።

አበው «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ይላሉ። በአንድ እጅ ላይ ያሉ ጣቶች ካልተካከሉ፣ የአንድ አገር ሰው ሁሉ እንዴት አንድ ይሆናል?