ማፍላትም ክሎሪንም የማያስወግዱት የጉድጓድ ውኃ ብክለት

ውኃን አፍልቶ ወይም በክሎሪን አክሞ መጠጣት ከተቅማጥና መሰል በሽታዎች ይታደጋል። ይህ ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን በማፍላትም ኾነ በክሎሪን የማይወገድ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ሌላ በካይ አለ፤ ናይትሬት ይባላል። እንዲያውም ውኃው ሲፈላ ከፊሉ ስለሚተን ናይትሬቱ በቀሪው ውኃ ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። በጨርቅ ማጥለልም አያወጣውም።

ከምንጭና ከእጅ ጉድጓድ ውኃ ለሚቀዱ የከላላ፣ የወግዲ፣ የቦረናና የጃማ ነዋሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ማሳው፣ በረቱና መጸዳጃ ቤቱ ከውኃው ጋር ጎረቤት ናቸውና።

ናይትሬት ከየት ይመጣል?

ናይትሮጅን የሰብል ምግብ ነው። ዩሪያ፣ ፍግ፣ የሰውና የእንስሳት ሽንት ወደ አፈር ሲገቡ በውስጣቸው ያለው ናይትሮጅን መጀመሪያ ወደ አሞኒያ፣ ከዚያም በባክቴሪያዎች አማካኝነት ወደ ናይትራይት፣ በመጨረሻም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ሰብሉ የወሰደው ፍሬ ይኾናል። ያልወሰደውን ግን አፈሩ አጥብቆ ስለማይዘው ከዝናብ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ባለበት ሜዳ ደግሞ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ ውስጥ በፍጥነት ስለሚወርድ በላዩ ያገኘውን ይዞ ይገባል።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ከዚህ ውስጥ አንዷ ኪሎ ግራም ብቻ ባክና ሙሉ በሙሉ ወደ ናይትሬት ብትለወጥ፣ ከ88 ሺህ ሊትር በላይ ንጹሕ ውኃን እስከ ተፈቀደው የመጨረሻ መጠን ታደርሳለች። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ4 ሺህ 400 ጊዜ በላይ የሚሞላ ውኃ ነው።

የከተማ ነዋሪም ከስጋቱ ነጻ አይደለም። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፍተኛ ናይትሬት ያገኙ ሲኾን፣ ዋና መንስኤው ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርግ ፍሳሽ እንደኾነ አመልክተዋል።

ይኸው ለውጥ በዓሣ ማርቢያ ገንዳ ውስጥም በየዕለቱ ይካሄዳል። ዓሣ አርቢው ከገንዳው ውኃ ከፊሉን አስወግዶ በንጹሕ ይተካና ናይትሬቱን ያቀልለዋል። የከርሰ ምድርን ውኃ ግን እንዲህ መለወጥ አይቻልም፤ የገባበት ናይትሬት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት መከላከል ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ይበልጥ የሚጠቁት ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የኾኑና በውኃ የተበጠበጠ ወተት የሚጠጡ ሕጻናት ናቸው። ናይትሬት በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ያደርጋል። የሕጻኑ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ይህን ግንኙነት በ1945 እ.ኤ.አ. ለሕክምናው ዓለም ያሳወቁት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የነበሩ ሐኪም ሲኾኑ፣ የታመሙት ሕጻናት ወተታቸው የተበጠበጠው በገበሬዎች ጉድጓድ ውኃ ነበር።

ከብት፣ በግና ፍየልም ይጎዳሉ። በጨጓራቸው ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን በፍጥነት ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። በድርቅ የተጎዳ ማሽላም በአገዳው ውስጥ ብዙ ናይትሬት ሊያከማች ስለሚችል፣ ለተራበ ከብት በአንድ ጊዜ በብዛት መስጠት ለድንገተኛ ሞት ይዳርጋል። የደሙ ቀለም ወደ ቡናማ መለወጡ አንዱ ምልክት ነው።

ምን ይደረግ?

በቅድሚያ ውኃውን ማስመርመር ያስፈልጋል፤ ናይትሬት በዐይንም በምላስም አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅትም ኾነ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ ያስቀመጡት የመጨረሻ መጠን በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። የላቦራቶሪው ውጤት የተገለጸው በናይትሮጅን መጠን ከኾነ ግን ገደቡ 11 ሚሊግራም ያህል መኾኑን ልብ ይሏል። ምርመራው ከክረምቱ መግቢያ በኋላ ቢደገም የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

መጸዳጃ ቤትና በረት ከውኃው በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቀው ይሠሩ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ውኃ የማያሳልፍ የሲሚንቶ ወለል፣ ከላይ በኩልም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። የፍግ ክምር በጣሪያ ወይም በሣር ይሸፈን።

በማሳ ላይ ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመበተን ይልቅ ከፋፍሎ፣ ሰብሉ በሚፈልገው ወቅት መስጠት ይገባል። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል ወይም ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ መበተን ማዳበሪያውን ማባከን ነው። ባቄላ፣ ምስር ወይም ሽምብራ በነበረበት ማሳ ላይ ጤፍ ወይም ስንዴ ሲዘራ ሰብሉ ከአፈሩ ተጨማሪ ናይትሮጅን ስለሚያገኝ፣ የዩሪያውን መጠን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ተመካክሮ መቀነስ ይቻላል። ወደ ጉድጓድ የወረደ ማዳበሪያ ለጤና ጉዳት፣ ለአርሶ አደሩም የገንዘብ ኪሳራ ነው።

ናይትሬቱ ከገደቡ ያለፈ ውኃ ለሕጻን ምግብ ማዘጋጃ መዋል የለበትም። እናት ናይትሬት ያለበት ውኃ ብትጠጣም ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ማጥባት ሕጻኑን ከዚህም ስጋት ይጠብቀዋል። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ የጠቆረ ሕጻን ሲታይ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ናይትሬት ያለበትን ውኃ ማፍላት ባያጠራውም፣ ውኃን ማፍላትና ማከም መተው የለበትም፤ ጀርም የሚገደለው በዚያ ነውና። ናይትሬትን የሚያስቀረው ግን ማድቤት ውስጥ የሚሠራው ሳይኾን፣ በማሳው፣ በበረቱና በመጸዳጃ ቤቱ ዙሪያ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።