ባለ ስምንት ማዕዘኑ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት

በሞያሌ ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲመታ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተማሪ የመምህሩን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ የቤት ቅርጽ ለድምፅ ምን ያህል ይረዳል ብለን እኛ መምህራን ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

የሜቶዲስቶች መሪ ጆን ዌስሊም ይኸው ጥያቄ ያሳስበው ነበር። በ1757 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ያየው የሌላ ማኅበር ባለ ስምንት ማዕዘን ጸሎት ቤት ስለ ማረከው፣ ቦታ እስከ ፈቀደ ድረስ የስብከት ቤቶች በዚሁ ቅርጽ እንዲሠሩ መከረ። በዚህ ቅርጽ ከሰባኪው እጅግ የራቀ ጥግ የለም። ሒሳቡም ይደግፈዋል፤ ዙሪያው 40 ሜትር የሆነ እኩል አራት ማዕዘን 100 ካሬ ሜትር ሲይዝ፣ በዚያው ዙሪያ የተሠራ እኩል ስምንት ማዕዘን 121 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል። (ይህን በግቢ ውስጥ በገመድ ማስለካት ጥሩ ልምምድ ነው።)

ቅርጹ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባው አራዳ ጊዮርጊስም ስምንት ማዕዘን ነው። ውስጡ ግን ፍጹም ይለያያል። በእኛው ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ከሕዝብ ዓይን የተከለለውን መቅደስ ይከባሉ፤ ሜቶዲስቶቹ ግን መሐሉን ክፍት ትተው ዓይኑንም ጆሮውንም ወደ ሰባኪው መለሱት።

ችግሩ የመጣው ሕዝቡ ሲበዛ ነው። ረጅም ክፍል ጫፉ ላይ ይቀጠልለታል፤ ስምንት ማዕዘን ግን አይመችም። በሰሜን እንግሊዝ በሄፕተንስቶል መንደር በ1764 እ.ኤ.አ. የተሠራው ጸሎት ቤት በጠበበ ጊዜ፣ በ1802 አንዱን ወገን አፍርሰው የጎን ግንቦቹን አስረዘሙ። ስምንቱ ማዕዘን አልጠፋም፤ ሆኖም ቤቱ ዛሬ ከላይ ሲታይ የተለጠጠ ይመስላል።