የ«ክቡር ደንበኛ» ስሌት፦ ከቀጥታ ካዚኖ ጀርባ ያለው ሒሳብ

በላትቪያ መዲና በሪጋ፣ መብራት በፈሰሰበት ስቱዲዮ ውስጥ አንዲት አጫዋች የሩሌት መንኮራኩር ታሽከረክራለች። ተጫዋቹ ያለው በሌላ አገር ነው፤ በስልኩ ሰላምታ ሲጽፍላት በስሙ ጠርታ ትመልስለታለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ኢቮሉሽን የተባለው የስዊድን ኩባንያ «ቀጥታ ካዚኖ» የሚባለውን ይህን ዘርፍ ካስፋፉት ቀዳሚው ነው። ኳሷ ያረፈችበትን ቁጥር፣ በካርታ ጨዋታም የወጣውን ካርታ፣ ካሜራዎችና ሴንሰሮች አንብበው ወደ ዲጂታል መረጃ ይለውጡታል። ለተጫዋቹ የሚታየው የሰው ፊት ነው፤ እያንዳንዷን ውርርድ የሚመዘግበው ግን ኮምፒውተር ነው።

የአውሮፓው ሩሌት ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉት። በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ያሸነፈ ሰው የሚከፈለው ግን 35 እጥፍ ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ለቤቱ ከእያንዳንዱ ውርርድ በአማካይ 2.7 በመቶ ታስቀርለታለች። ሁለት ዜሮ ባለው በአሜሪካው መንኮራኩር ድርሻው ወደ 5.26 በመቶ ያድጋል። ዕድል ለአንድ ሌሊት ለተጫዋቹ ልታዳላ ትችላለች። ስለዚህ የካዚኖው ጭንቀት ተጫዋቹ ዛሬ ማሸነፉ ሳይሆን ነገ አለመመለሱ ነው።

የ«ቪ.አይ.ፒ.» መርሐ ግብር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ደንበኛው ከነሐስ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወርቅ እያለ ይወጣል። ነጥብ የሚያገኘው ባስያዘው ገንዘብ ልክ ስለሆነ፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ነጥቡ ይጠራቀማል። ለምሳሌ ያህል ለ10 ፓውንድ ውርርድ 1 ነጥብ ቢሰጥና 100 ነጥብ በ1 ፓውንድ ቢመነዘር፣ በአውሮፓው ሩሌት 10,000 ፓውንድ ያወራረደ ሰው በአማካይ 270 ፓውንድ ይከስራል፤ «ስጦታው» 10 ፓውንድ ነው። የቦነሱ ስሌት ከዚህ ይብሳል። የ100 ፓውንድ ቦነስ 35 ጊዜ ይወራረድ ቢባል፣ ከቀጥታ ጨዋታ ውርርድም የሚቆጠረው 10 በመቶው ብቻ ቢሆን፣ ተጫዋቹ 35,000 ፓውንድ ማስያዝ ይኖርበታል። በዚያ መንገድ ላይ የሚጠብቀው አማካይ ኪሳራ 946 ፓውንድ ገደማ ነው።

ይህን እያወቀ ሰው ለምን ይቀጥላል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ክላርክ ሐል በ1930ዎቹ አይጦች ወደ ምግቡ ሲቃረቡ ሩጫቸውን እንደሚያፋጥኑ አሳይቷል። በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ በቡና ቤት ደንበኞች ላይ ተመሳሳይ ጠባይ አገኘ፤ ነጻው ሲኒ ሲቀርብ ግዢያቸው ይፋጠናል። በቡና ጉዳቱ ቢበዛ እንቅልፍ ማጣት ነው። በቁማር ግን «ወደ ወርቅ ደረጃ 200 ነጥብ ቀረዎት» የሚለው መልእክት ኪሳራውን ወደ ግብ ይለውጠዋል።

ኪሳራው የት ድረስ እንደሚሄድ የብሪታንያ መዝገብ ያሳያል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ይፋ በሆነ የቁማር ኮሚሽኑ መረጃ፣ በአንድ ድርጅት ቪ.አይ.ፒ. ደንበኞች ከጠቅላላው 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ገቢ ከተደረገው ገንዘብ 83 በመቶው የእነርሱ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ቤትዌይ የተባለው ኩባንያ ከቪ.አይ.ፒ. ደንበኞች ጋር በተያያዘ ጥፋት 11.6 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል ተደርጓል። ከደንበኞቹ አንዱ በአራት ዓመት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገብቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ከስሯል።

በምሕንድስና ቋንቋ ይህ ፍሬን የሌለው ግብረ መልስ ነው፤ ብዙ የከሰረ ብዙ ይሸለማል፣ የተሸለመም ይበልጥ ይጫወታል። የሚያስቆጨው መሣሪያው አለመጥፋቱ ነው። ሌሊት የሚጫወተውን፣ ሲሸነፍ ውርርዱን የሚያሳድገውን ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው መረጃ በካዚኖው እጅ ነው። ያው መረጃ ወይ ማስጠንቀቂያ ወይ የቪ.አይ.ፒ. ግብዣ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ከጥቅምት 31 ቀን 2020 ጀምሮ ድርጅቶች ደንበኛን ወደዚህ ማዕረግ ከማውጣታቸው በፊት ወጪው ከአቅሙ በላይ አለመሆኑን፣ የጉዳት ምልክት አለማሳየቱንና የገንዘቡን ምንጭ እንዲያጣሩ፣ ኃላፊነቱንም አንድ ከፍተኛ ሥራ አስፈጻሚ በግሉ እንዲሸከም አዟል።

የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ያሰፈረ በመሆኑ እርዳታ መጠየቅ የሕክምና ጉዳይ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። በብሪታንያ የምትኖሩ «ጋምስቶፕ» በተባለው አገልግሎት አንድ ጊዜ በመመዝገብ ፈቃድ ካላቸው የኦንላይን ቁማር ቤቶች ሁሉ ራሳችሁን ለ6 ወር፣ ለ1 ወይም ለ5 ዓመት ማገድ ትችላላችሁ። ከሌላ አገር የሚሠሩ፣ የብሪታንያ ፈቃድ የሌላቸው ድረ ገጾች ግን ከዚህ እገዳ ውጭ ናቸው፤ የቪ.አይ.ፒ. ግብዣ ከእነርሱ ሲመጣ ከላይ የተጠቀሰው ማጣሪያ አይመለከታቸውም።