መኪና ለምን ተወደደ?

ቡሬ ላይ በርበሬ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በቆሎ የሚነግድ ሰው ጭነቱን በኪራይ አይሱዙ ይልካል፤ የራሴ መኪና ይኑረኝ ሲል ግን ዋጋው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ጥያቄው የቆየ ነው።

መኪና አዲስ አበባ ከገባ ከመቶ ዓመት አልፏል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪና እየነዳ አፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የግል መኪናን በአብዛኛው እንደ ቅንጦት ዕቃ ቆጥሮታል።

ስሌቱን እንመልከት። ከ2012 ዓ.ም. በፊት ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አውቶሞቢል 100 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ 35 በመቶ ጉምሩክ ሲታከል 135 ሺህ ይሆናል። 100 በመቶ ኤክሳይስ 270 ሺህ ያደርሰዋል። ቫትና ሱር ታክስ ሲጨመሩ 341,550 ብር ይሞላል። ታክሱ የሚሰላው በሌላ ታክስ ላይ ነው። የ2012ቱ አዋጅ ለአነስተኛ አዲስ መኪና ኤክሳይሱን ቢቀንስም፣ አሮጌውን እስከ 500 በመቶ አስከፈለ። ብዙ ሰው የሚገዛው ደግሞ ያገለገለ መኪና ነበር።

አገር ውስጥ መገጣጠምስ? አምቼ የጭነት መኪና፣ ሆላንድ ካር ደግሞ አባይና ተከዜ የተባሉ አውቶሞቢሎችን ገጣጥመዋል። ክፍሎቹ ከውጭ ስለሚመጡ የዶላር እጥረት ሥራውን ያንቀዋል። ሆላንድ ካርም ከስሮ ተዘጋ።

ሲንጋፖርም መኪናን ሆን ብላ ታስወድዳለች። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ መኪና የሚገዛ ሰው በጨረታ የ10 ዓመት ፈቃድ መግዛት አለበት። ሆኖም የከተማ ባቡሯ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሥራ ጀምሯል።

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለች። ለኤሌክትሪክ መኪና ኤክሳይስ፣ ቫትና ሱር ታክስ ቀድሞ ተነስቶ ነበር። ነዳጅ በዶላር ከምንገዛ የራሳችንን የኤሌክትሪክ ኃይል ብንጠቀም መልካም ነው። ነገር ግን ቻርጅ ማድረጊያዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ደንበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድም ሊታሰብለት ይገባል።

ስለዚህ ታክስም ሆነ ክልከላ ብቻውን ፖሊሲ አይሆንም። መንግሥት የግል መኪናን ሲያስወድድ አስተማማኝ አውቶቡስና ርካሽ ጭነት አብሮ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይህ ካልሆነ ሸክሙ መኪና በሌለው ገበሬ ጫንቃ ላይ ያርፋል።