ስኳር ያለባት እናት ከዒዱ ትሪ አትነጠል



ዒድ አል-አድሃ (አረፋ) በተቃረበ ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት ብቅ የሚሉ ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «እናቴ ስኳር አለባት፣ አባቴ ደም ግፊት አለበት፤ ለእነሱ ለብቻ ምን ልሥራላቸው?» ይላሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ አያምርም። ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ ሲበላ እናት ጨው የሌለው ቅቅሏን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ይህን የማይታገሡት ደግሞ «አንድ ቀን ነው» ብለው ወደ ትሪው ይመለሱና ከበዓሉ በኋላ ስኳራቸው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ጤና ጣቢያ ይገኛሉ። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን ለታማሚ ለብቻ ስለሚሠራ ምግብ ሳይሆን ሁሉም የሚበላበትን ድስት ስለማቅለል ነው።

በበዓል ብዙዎቻችን የምንከሰው ሥጋውን ነው። ለመሆኑ የዒድ ምግብ የሚከብደው በሥጋው ብቻ ነው? እስቲ እናስላው። ካሎሪ ምግብ ለሰውነታችን የሚሰጠው ጉልበት የሚለካበት ነው። አንድ ግራም የዱቄት፣ የስኳር ወይም የፕሮቲን ምግብ 4 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። ለ8 ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ ግማሽ ሊትር ዘይት ቢገባ ከዘይቱ ብቻ 4,000 ካሎሪ ያህል ይገኛል። ይህ ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል 500 ካሎሪ ገደማ ይደርሳል። ሥጋው፣ እንጀራውና ሩዙ ገና አልተቆጠሩም። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ደግሞ በአማካይ 2,000 ካሎሪ አካባቢ ነው። ዘይቱን ወደ 150 ሚሊ ሊትር (ከግማሽ ብርጭቆ ትንሽ የሚበልጥ) ብናወርደው የአንድ ሰው ድርሻ ከ160 ካሎሪ በታች ይሆናል።

«ታዲያ ወጡ ምን ይጣፍጣል?» የምትሉ እህቶች አትጠፉም። የወጥ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን አድቅቀው ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ በለሰስ እሳት ያቁላሉ ነበር። ሲይዝ ጠብ የሚያደርጉበት ውሃ ነው፤ ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ነበር። ዛሬ ስለምንቸኩል ሽንኩርቱን በዘይት እንጠብሰዋለን፤ ዘይቱ የጊዜን ቦታ ተክቷል ማለት ነው። በዋዜማው ምሽት ቁሌቱን ቀስ ብሎ አብስሎ ማሳደር የበዓሉንም ጠዋት ያቀላል። ንጥር ቅቤ ካማራችሁ ድስቱ ሊወርድ ሲል አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብና ለደም ሥር የማይስማማው የቅባት ዓይነት ስለሆነ አቅም ከፈቀደ ፈሳሹን የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ምረጡ። በካሎሪ ግን ሁሉም ዘይት አንድ ነው፤ ውድ መሆኑ ቀላል አያደርገውም።

ወደ ሥጋው ስንመጣ የበግ ላትና ጮማውን ከመጀመሪያው ለይታችሁ አውጡ። የፍየል ሥጋ ከበግ ያነሰ ስብ አለው። ከሁሉም የምመክረው ግን ይህን ነው፦ የተረፈውን ሥጋ ከነአጥንቱ ማታ ቀቅላችሁ መረቁን በቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት። ጠዋት ስቡ ረግቶ ከላይ ይገኛል፤ በማንኪያ ገፍፋችሁ አውጡት። በቀረው መረቅ ላይ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ እርድና ካሮት ጨምራችሁ የሁለተኛውን ቀን ሩዝ ብትሠሩበት አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። እንግዳ ቢመጣ ዘይቱ መቀነሱን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬያችን ብዙ ጊዜ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፤ የሾርባ ኩብ ደግሞ አብዛኛው ጨው ነው። ስለዚህ ኩብ የገባበት ድስት ላይ እንደገና ጨው አይነሰነስ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ የጎደለውን ይሞላሉ።

ለስኳር ታማሚ ከሥጋው ይልቅ የሚያሳስበው ከሥጋው ጋር የሚቀርበው ነው። በበዓል ትሪያችን ሩዝ፣ ድፎ ዳቦ፣ እንጀራና መኮሮኒ ባንድ ላይ ይሰለፋሉ። አራቱም ወደ ስኳር የሚለወጡ ናቸው። ሩዝ ከተሠራ ዳቦው ለነገ ይቆይ። የትሪው ግማሽ በሰላጣ፣ በጎመን፣ በፎሶሊያና በቀይ ሥር ቢሞላ፣ እነሱም ቀድመው ቢበሉ የሩዙ መጠን ያለ ክርክር ይቀንሳል። ለአንድ ሰው የሚበቃው ሥጋ መዳፍ የሚያህል (ጣትን ሳይጨምር) ነው። ሳምቡሳን በረመዳን ወሩን ሙሉ ስለበላናት ለአረፋ ብትቀር የሚቀየማት የለም፤ የግድ ከሆነም በሰው አንድ ይብቃ።

መጠጡም እንደዚያው ነው። አንድ ጠርሙስ (300 ሚሊ ሊትር) ጣፋጭ ለስላሳ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ7 የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር ይዟል። ከቤት ወደ ቤት ዘይሮ ሦስት ጠርሙስ የጠጣ ሰው ምግብ ሳይበላ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደወሰደ አስቡት። ቀሪቦውን ስኳር ቀንሳችሁ፣ አብሹን በሎሚ አቅርቡ። ለእንግዳ ኬክ ከማቅረብ ተምር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ስኳር ነውና ለታማሚ ከሁለት ትናንሽ ፍሬዎች አይብለጥ።

የኡድሂያ ክፍፍሉም ቢሆን ለጤናችን ያግዛል። ዑለሞች እንደሚመክሩት ለቤት፣ ለዘመድ ለጎረቤትና ለሚስኪኖች በሦስት ሲካፈል የሚሰጠው ድርሻ ድስት ከመጣዱ በፊት ከቤት ይውጣ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ሥጋ «እንዳይበላሽ» እየተባለ ለሳምንት ይበላል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ዝምታ አይቻልም። በአረፋ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ወደ ሰላት ወጥቶ ከእርዱ በኋላ ከኡድሂያው መጀመር የተወደደ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ክኒን ውጣ፣ ምግቡን እስከ ቀትር የምትጠብቅ እናት ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ይህ ከስኳር መጨመር ይልቅ በፍጥነት የሚገድል ነው። ስለዚህ ቁርሷን በልታ ትውጣ፤ ካልሆነም ክኒኑ ምግቡ እስኪቀርብ ይቆይ። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዓቱንና መጠኑን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ እንጂ በራሳቸው አያቋርጡ። «ዛሬ ብዙ ስለምበላ ሁለት ልዋጥ» የሚባለው ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። የግፊት መድኃኒቱንም «ሽንት ያመላልሰኛል፣ እንግዳ አለብኝ» ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ይህም አይገባም።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የንግግር መዘባረቅ ካያችሁ ሳትዘገዩ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧት። ያ ስንከለክለው የነበረው ለስላሳ ግማሽ ጠርሙሱም ለዚህች ሰዓት ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ድገሙላት፤ ሲሻላት ምግብ ትብላ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጉ፤ በጎኗ አስተኝታችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።